የመንጋጋ ዕጢ ስላይድ፦ ካልሬቲኒን፣ ሲኬ 19 ወይስ ቢራፍ? የትኛው ይቅደም

ሰበታ_ጥርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስላይድ (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ የናሙና ቁራጭ) ለሚያነቡና ለሚያዘጋጁ ነው። ከታችኛው መንጋጋ ከኋላ በኩል፣ ሳይበቅል ከቀረ መንጋጋ ጥርስ ዙሪያ ፈሳሽ የቋጠረ ሲስት ይወጣና ናሙናው ይላካል። መልሱ ደጋግሞ «የጥርስ መነሻ ያለው ሲስት፤ አሜሎብላስቶማ አይደለም ለማለት አይቻልም» ተብሎ ይመጣል (አሜሎብላስቶማ ከጥርስ ሠሪ ሴሎች የሚነሳ፣ አጥንት የሚወር ዕጢ ነው)። በዚህ መልስ ምን ይሠራል? ዴንቲጀረስ ሲስት (ባልበቀለ ጥርስ አናት ዙሪያ የሚሠራ) ከሆነ ከነጥርሱ ፈልቅቆ ማውጣት ይበቃዋል። ኬራቶሲስት (ግድግዳው ኬራቲን የሚሠራ ሲስት) ከሆነ ተመላሽ ስለሆነ ግድግዳው በደንብ ተጠርጎ ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ጠጣር አሜሎብላስቶማ ከሆነ ደግሞ በራጅ ከሚታየው ወሰን አልፎ 1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አጥንት ጨምሮ መቁረጥ ነው።

ላብራቶሪው ውስጥ ያሉት አንቲቦዲዎች (ስላይድ ላይ አንድን ፕሮቲን ፈልገው ቀለም የሚያስይዙ) ካልሬቲኒን፣ ሲኬ 19 (የኬራቲን ዓይነት) እና ኪአይ 67 (የሚከፋፈል ሴል ምልክት) ብቻ ናቸው እንበል። የትኛው ይቅደም? ከክሊኒክ በኩል ሳናውቅ የምናበላሸውስ ምንድን ነው? ሌላም አለኝ፦ አሜሎጀኒን የጥርስ የራሱ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ ለአሜሎብላስቶማ ሲታዘዝ የማይታየው ለምንድን ነው?

ዓምዳዊ_ሴል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ከአንቲቦዲ በፊት የተለመደው የኤች ኤንድ ኢ (ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን የተቀባ) ስላይድ በደንብ ይታይ። ቪከርስና ጎርሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. ያስቀመጡት መለያ ዛሬም አልተሻረም። በ40 ሌንስ የታችኛውን ረድፍ ብቻ ተከተል። ሴሎቹ እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው የቆሙ፣ ኒውክለሳቸው የጠቆረና ከመሠረት ሽፋኑ ሸሽቶ ወደ ሴሉ አናት የወጣ፣ ከኒውክለሱ ሥር ደግሞ ነጣ ያለች ክፍተት የቀረች ከሆነ፣ ከላዩም ሴሎቹ ተራርቀው በቀጭን ክንዶች ብቻ እንደ መረብ የተያያዙ ከሆነ አሜሎብላስቶማ ነው። ያኔ አንቲቦዲ ማባከን አያስፈልግም።

ችግሩ ይህ መልክ በሲስቱ ግድግዳ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሲኖር፣ ወይም ቁጣ (ብግነት) ገብቶ ኤፒቴልየሙን (ሲስቱን የሸፈነውን የሴል ረድፍ) ሲያወፍረውና ረድፉን ሲያፈርሰው ነው። እዚያ ላይ ካልሬቲኒን ይቅደም። በአሜሎብላስቶማ ውስጥ የሚቀባው የላዩን መረብ መሰል ሴል ነው፤ ኒውክለሱንም ሳይቶፕላዝሙንም ቡናማ ያደርገዋል። አጥር የሠሩት የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። ዴንቲጀረስ ሲስትና ኬራቶሲስት በአብዛኛው አይቀቡም። «በአብዛኛው» ያልኩት አውቄ ነው፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቂት ሴሎች ቢቀቡ አሜሎብላስቶማ ብለህ አትጻፍ። የምትፈልገው ሰፋ ያለ፣ ቦታውን የጠበቀ ቀለም ነው።

ሲኬ 19 እዚህ ጥያቄ ላይ አይጠቅምህም። አሜሎብላስቶማውም፣ ዴንቲጀረስ ሲስቱም፣ ከጥርስ ሥር ጫፍ የሚነሳው ሲስትም ይቀባሉ። ኤፒቴልየሙ ከጥርስ ዘር መምጣቱን ለመደገፍ እንጂ ዘመዳሞቹን እርስ በርስ ለመለየት አይሆንም።

ኪአይ 67 ደግሞ ሲቆጠር ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠ ሲታይ ነው ዋጋ ያለው። በኬራቶሲስት ውስጥ ነጥቦቹ ከታችኛው ረድፍ በላይ ባለው ረድፍ ላይ ይደረደራሉ። ከ5 እስከ 8 ሴል ውፍረት ያለው፣ አናቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ ፓራኬራቲን (ኒውክለስ ያልጠፋበት የኬራቲን ሽፋን) ካለ ግን ያለ ኪአይ 67ም ኬራቶሲስት ነው።

ለገጣፎ_ሬዚደንት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ዶክተር፣ ካልሬቲኒን የካልሲየም ያዥ ፕሮቲን አይደለም እንዴ? እኛ የምናውቀው ለነርቭና ለሜሶቴልየም (ለሳንባና ለሆድ ዕቃ ሽፋን) ነው። ጥርስ ውስጥ ምን ይሠራል?

ዓምዳዊ_ሴል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ካልሲየም ያዥ ነው፣ ልክ ነሽ። በአይጥ የጥርስ ፅንስ ኤፒቴልየም ውስጥም ተገኝቷል፤ ዕጢው ውስጥ መታየቱ ከዚያ ጋር ይሄዳል። የሰበታው ወንድማችን ስለ አሜሎጀኒን የጠየቀውም መልሱ ከፅንሱ ስለሚጀምር እዚሁ ላያይዘው።

በፅንሱ 6ኛ ሳምንት ግድም የአፍ ኤፒቴልየም ወፍሮ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ እንቡጥ፣ ቀጥሎ ቆብ፣ ከዚያ ደወል ይመስላል። እንቡጡ ላይ ኤፒቴልየሙ ሶኒክ ሄጅሆግና ቢኤምፒ 4 የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች እየላከ ከሥሩ ያለውን ሜሴንካይም (የፅንሱን ለስላሳ ተያያዥ ሴሎች) ያነቃዋል፤ ሜሴንካይሙም ኤምኤስኤክስ 1 እና ፓክስ 9 የሚባሉ ጂኖችን ያበራል። በሰው ላይ ከእነዚህ ከሁለቱ ጂኖች አንዱ ሲጎድል አንዳንድ ጥርሶች ከናካቴው ሳይበቅሉ ይቀራሉ። ደወሉ ላይ አራት ሽፋን ይለያል፦ የውጭ ረድፍ፣ የውስጥ ረድፍ፣ በመካከል መረቡ፣ ከመረቡና ከውስጥ ረድፉ መሃል ደግሞ ቀጭኑ መካከለኛ ሽፋን። የውስጥ ረድፉ ሴሎች ይረዝሙና ኒውክለሳቸው ቦታ ይቀይራል፤ አሜሎብላስት (ኢናሜል የሚሠራ ሴል) የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ቪከርስና ጎርሊን በዕጢው ላይ ያዩት የኒውክለስ ሽሽት ይኸው ነው። ሲኬ 14 በብዛት የነበረው ኤፒቴልየም አሜሎብላስቱ ሲበስል ሲኬ 19 እያጎላ ይሄዳል።

አሁን ዋናው። አሜሎብላስት ኢናሜል (የጥርሱን ጠንካራ የላይ ሽፋን) መልቀቅ የሚጀምረው ከፊቱ ያለው ኦዶንቶብላስት መጀመሪያ ዴንቲን (ከኢናሜል ሥር ያለውን የጥርስ አካል) ሲያስቀምጥለት ነው። ዴንቲን ካልቀደመ ኢናሜል የለም። የኢናሜል ማትሪክስ ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ አሜሎጀኒን ነው፤ ቀሪው አሜሎብላስቲንና ኢናሜሊን ነው። ኤምኤምፒ 20 የሚባል ኢንዛይም እየቆራረጠ ያስተካክለዋል፣ በስተኋላ ኬኤልኬ 4 ጠርጎ ያወጣውና ቦታውን ማዕድን ይሞላዋል። አሜሎብላስቶማ ውስጥ ዴንቲን የሚሠራ ኦዶንቶብላስት የለም። ሴሉ ለሥራ ለብሶ ተነስቶ ደጅ ላይ እንደቆመ ነው፤ ስሙ አሜሎብላስቶማ ቢሆንም ኢናሜል አይሠራም። አሜሎጀኒንን ብትቀባው ከዕጢ ዕጢ ይለያያል፣ አንዳንዱ ደብዛዛ ሌላው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ለመለያ አይታዘዝም። (በነገራችን ላይ የአሜሎጀኒን ጂን በኤክስም በዋይም ክሮሞሶም ላይ ስላለና የኤክሱ ቅጂ 6 ፊደል ስለሚያጥረው የወንጀል ምርመራ ሰዎች ጾታ የሚለዩበት እሱ ነው። ከጥርስ ሐኪም ይልቅ እነሱ ተጠቅመውበታል።)

ማይክሮቶም_ሱሉልታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

የማርከሩ ነገር ጥሩ ተብራርቷል፤ ግን ግማሹ «ኔጌቲቭ» ከዕጢው ሳይሆን ከውሃው ነው የሚመጣው። ፎርማሊን የሸፈነውን ፕሮቲን ለአንቲቦዲው ለመግለጥ ስላይዱ ቡፈር (ፒኤቹ የተረጋጋ ፈሳሽ) ውስጥ ይፈላል፤ የአንቲቦዲው ወረቀት «በ98 ዲግሪ 20 ደቂቃ አፍላ» ይላል። ያንን የጻፈው ሰው በባሕር ወለል ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ሱሉልታ ከ2,700 በላይ ስለሆነ 91 ላይ ነው፣ አቃቂ በኩል ዝቅ ስለሚል 93 ግድም። ክዳኑ ክፍት የሆነ የውሃ መታጠቢያ ላይ 98 ብለህ ብትሞላው ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም አይደርስም፤ ውሃው ተንኖ ስላይዱ ይደርቃል እንጂ።

መውጫው በግፊት የሚያበስለው ድስት ነው። እሱም ቢሆን ከፍታውን አይረሳም፦ የክዳኑ ክብደት የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚሰጥ ባለ 15 ፒኤስአይ ድስት እዚህ 117 ግድም ነው የሚሰጠው። ስለዚህ መመሪያው 3 ደቂቃ ካለ 5 አድርገው፤ ደቂቃው የሚቆጠረውም ክብደቱ መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው። ስላይዱን ቡፈሩ ከፈላ በኋላ አስገባ፣ ድስቱን ከእሳት አውርደህ ግፊቱን ካስተነፈስክ በኋላ በራሱ ቡፈር ውስጥ 20 ደቂቃ ይብረድ። ትኩሱን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ብትከተው ቁራጩ ከመስታወቱ ይነሳል።

ቡፈሩ ለሲኬ 19፣ ለካልሬቲኒንና ለኪአይ 67 ትሪስ ኢዲቲኤ፣ ፒኤች 9 ብታደርገው ለሦስቱም ይሠራል። ሲትሬት ፒኤች 6 ኪአይ 67ን ያደበዝዘዋል ብዬ ነው የማልመርጠው። የሚሠሩበት አሉ፣ ጸብ የለኝም።

ቶሎ_ቶሎ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? አጥንቱን ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ጨምራችሁ በአንድ ቀን ለስልሶ ይቆረጣል። ሐኪሙ መልስ በአስቸኳይ ነው የሚፈልገው።

ጋሽ_ፓራፊን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ቶሎ_ቶሎ፣ ልጄ፣ ይቆረጣል። ኤች ኤንድ ኢውም ይነበባል። ከዚያ ሐኪሙ ኪአይ 67 ሲያዝ ባዶ ይወጣል፣ ዲኤንኤውም ተበጣጥሶ ስለሚቀር ብሎኩ (በሰም የታሰረው ናሙና) ላይ ከዚያ ወዲያ የሚሠራ የለም። ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንቲቦዲ ለሚፈልግ ናሙና አይነካም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን፦

ሰበታ_ጥርስ፣ ያንተ ድርሻ ይኸኛው ነው። ናሙናው እንደወጣ ባፈር ያለው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ለአንድ ሊትር፦ 100 ሚሊ ሊትር የገበያው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ባለ አንድ ሶዲየም ፎስፌት (ሞኖሃይድሬቱ)፣ 6.5 ግራም ውሃ አልባ ባለ ሁለት ሶዲየም ፎስፌት። ፎስፌቱን ትተህ በውሃ ብቻ ካቀጠንከው ቀስ በቀስ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይዞራል፤ ደም ባለበት ናሙና ላይ ጥቁር ቡናማ ነጥብ ይተዋል፣ ያንን ነጥብ ሰው ከቀለሙ ጋር ያምታታዋል። መጠኑ የናሙናው ከ10 እስከ 20 እጥፍ። ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከ72 ሰዓት ባይበልጥ።

ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አትላኩ! በጠባቡ አንገት የገባ ሲስት ፎርማሊን ውስጥ ሲደርቅ አይወጣም፣ ጠርሙሱን ስንቀድ ናሙናው ይሰነጠቃል። ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ ይሁን። ፈሳሽ የቋጠረ ከሆነ አንድ ቦታ በስለት ክፈቱት፣ ያለዚያ ፎርማሊኑ ውስጡን ሳይደርሰው የውስጥ ሽፋኑ ይበሰብሳል፤ የምንፈልገው ደግሞ የውስጡን ነው።

ላብራቶሪ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ለስላሳውን ከአጥንቱ መለየት ነው። የሲስቱ ግድግዳ ካልሲየም የለውም፤ አሲድም ኢዲቲኤም (ሁለቱም ካልሲየም አውጪ ናቸው) ሳያይ በቀጥታ ወደ ፓራፊን (ሰሙ) ይሂድ። ማርከር የምታዙበት ብሎክ እሱ ይሁን። ሰው ከሚሠራው ስህተት የሚበዛው ሁሉንም ባንድ ላይ አሲድ ውስጥ መጨመር ነው።

አጥንቱ ብቻ ከሆነ ከ4 ሚሊ ሜትር ባልወፈረ ቁራጭ ኢዲቲኤ 10 በመቶ ውስጥ ይግባ። 100 ግራም ባለ ሁለት ሶዲየም ኢዲቲኤ በሊትር፤ መጀመሪያ ደለል ሆኖ አልሟሟ ይላል፣ አትደንግጡ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ፒኤቹ ወደ 7.4 ሲቃረብ ይጠራል። በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይቀየር። ስስ ስፖንጅ አጥንት በሳምንት፣ ደንዳናው የመንጋጋ ጠርዝ በሳምንታት ያልቃል። መታገስ ካልተቻለ ፎርሚክ አሲድ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ በየቀኑ እየታየ።

ማለቁን በመርፌ እየወጉ መፈተን ይቅር፤ ቀዳዳው ስላይድ ላይ ሲስት መስሎ ይታያል። ለፎርሚኩ 5 ሚሊ ሊትር ከተጠቀምንበት ፈሳሽ በአሞኒያ አለዝቦ እኩል መጠን የአሞኒየም ኦክሳሌት ሙሊት (ከዚያ በላይ የማይሟሟበት ፈሳሽ) መጨመር ነው፤ ከደፈረሰ ካልሲየም ገና ይወጣል ማለት ነው። ይህ ፈተና ግን ለኢዲቲኤ እንዲሁ አይሠራም፣ ካልሲየሙን ኢዲቲኤው ይዞ ስለማይለቀው። ለእሱ ራጅ ነው የሚሻለው፤ የጥርስ ክሊኒክ ትንሿ የጥርስ ራጅ ከማንም በላይ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ከታየች ገና ነው፣ ያቺው ነጥብ ነች ቢላውን የምታበላሸው።

ሰበታ_ጥርስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ራጁ እዚሁ ስላለ የሚያስፈልገው ቁራጩን ማምጣት ብቻ ነው። ስለ ሃይላንዱም ተቀጥተናል።

የአቃቂዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ቢራፍን (ሴል እንዲያድግ የሚያዘውን ጂን) ርዕሱ ላይ አነሳችሁትና ረሳችሁት። የተለወጠውን ቢራፍ የሚቀባው ቪኢ 1 አንቲቦዲ ቢገኝ ከካልሬቲኒን አይቀድምም?

ዓምዳዊ_ሴል | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ቢገኝማ በአንዳንድ ጥያቄ ይቀድማል። በ2014 እ.ኤ.አ. ነው አሜሎብላስቶማ ውስጥ የቢራፍ ቪ600ኢ ለውጥ መኖሩ የታወቀው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላቸው፣ በተለይ የታችኛው መንጋጋዎቹ። በላይኛው መንጋጋ ላይ ኤስኤምኦ የሚባለው ጂን ለውጥ ይበዛል። ስለዚህ ላይኛው መንጋጋ ላይ ቪኢ 1 ባዶ ቢወጣ አሜሎብላስቶማ አይደለም ማለት አይደለም።

ቢቀባም ጥንቃቄ አለው። አሜሎብላስቲክ ፋይብሮማ የሚባለው ሌላ የጥርስ ዕጢም ይኸው ለውጥ ሊኖረው ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው ከኤፒቴልየሙ ይልቅ ዙሪያውን ባለው፣ የጥርስ ፓፒላን (የፅንሱን ጥርስ የውስጥ ለስላሳ ክፍል) በሚመስለው ሜሴንካይም ላይ ነው። ትክክለኛው ቀለም ሳይቶፕላዝም ላይ እኩል የፈሰሰ ነው፤ ኒውክለስ ብቻ ከሆነ አይቆጠርም። ከሳይነስ የመጣ ናሙና ላይ የመተንፈሻ ኤፒቴልየሙ ፀጉር ከለውጡ ጋር ምንም ሳይገናኝ ይቀባል፣ ብዙ ሰው እዚያ ይሳሳታል።

ለሕክምናም ይጠቅማል፤ ሊቆረጥ ለማይቻል ወይም ለተሰራጨ ዕጢ ቢራፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች አሉ። ለመደበኛው ግን ቀዶ ሕክምናው አልተቀየረም።

ለገጣፎ_ሬዚደንት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

በሌሎቹ ዕጢዎች ላይስ? አዴኖማቶይዱና ፒንድቦርግ (ካልሲፋይንግ ኤፒቴልያል ኦዶንቶጀኒክ ዕጢ)?

ዓምዳዊ_ሴል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ባጭሩ። አዴኖማቶይድ ኦዶንቶጀኒክ (ከጥርስ ዘር የሚነሳ) ዕጢ በብዛት ላይኛው መንጋጋ፣ በወጣት ሴቶች፣ ያልበቀለ ክራንቻ ዙሪያ ይገኛል፤ ኬራስ የሚባለው ጂን ነው የሚለወጠው፣ ቢራፍ አይደለም። መልኩ በቂ ስለሆነ ማርከር አልፈልግበትም። ከእሱ ጋር አታምታቺው ያለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ምደባው ያስገባውን አዴኖይድ አሜሎብላስቶማ ነው፤ እሱ ወራሪ ነው፣ ቤታ ካቴኒን የሚባለው ፕሮቲን ኒውክለሱ ውስጥ ይገባል፣ ቪኢ 1 ባዶ ነው። ቤታ ካቴኒን ኒውክለስ ውስጥ ሲገባ «መንፈስ ሴል» (ኒውክለሱ ጠፍቶ ቅርጹ ብቻ የቀረ ሴል) ያላቸው ካልሲፋይንግ ኦዶንቶጀኒክ ሲስትም ይታሰቡ።

ፒንድቦርግ ላይ አንቲቦዲ አያስፈልግም። ዕጢው ውስጥ የሚታየው ሮዝ ክምችት አሚሎይድ (በተዛባ መልክ ታጥፎ የተከማቸ ፕሮቲን) ነው፤ ኮንጎ ቀይ ቀብተሽ በፖላራይዝድ ብርሃን ስታዪው አረንጓዴ ያበራል። የተሠራው ኦዳም ከሚባለው የአሜሎብላስት ፕሮቲን ነው። ኮንጎ ቀዩ ላይ ግን ቁራጩ ከ6 ማይክሮን ቢቀጥን ብርሃኑ ይደክማል፤ ከ8 እስከ 10 ይቆረጥ።

ማይክሮቶም_ሱሉልታ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡34

ለአንቲቦዲው ግን 3 ወይም 4 ማይክሮን! ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትቁረጡ። አጥንት ያለበት ቁራጭ ቻርጅ ባለው ስላይድ ላይ ይነሳ፣ በ60 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በ37 ዲግሪ ይደር። ያም ሆኖ በግፊት ድስቱ ከተነሳባችሁ፣ ድስቱን ትታችሁ ስላይዱን ቡፈሩ ውስጥ እንዳለ በ60 ዲግሪ ኦቨን አሳድሩት። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ይሄ አይሆንም፤ ሌሊት ሄዶ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደተጋገረ ማን ያውቃል። ድስቱን በጋዝ ምድጃ የምትጠቀሙ ደግሞ ዛይሊንና አልኮል ካለበት ክፍል አርቁ።

መቆጣጠሪያ ቁራጭ (መቀባቱ አስቀድሞ የታወቀ) በየስላይዱ ይኑር። ለካልሬቲኒን አፔንዲክስ ጥሩ ነው፦ የግድግዳው ነርቭና ጋንግሊዮን ጎልቶ መቀባት አለበት። ለኪአይ 67 ቶንሲል። መቆጣጠሪያው ልክ ሆኖ የበሽተኛው ብቻ ባዶ ከሆነ አሲዱን ጠርጥሩ፤ እዚያው ቁራጭ ላይ ያለ ነርቭ በካልሬቲኒን፣ ቁጣ ያስከተለው ሊምፎሳይት በኪአይ 67 ካልተቀባ ብሎኩ ሞቷል፣ ውጤት አትስጡ።

ቶሎ_ቶሎ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡02

እሺ፣ ናይትሪኩን ተውኩት። በቃ ለስላሳውን ለይቼ ልኬ አጥንቱን ኢዲቲኤ ላይ ላሳድር?

ጋሽ_ፓራፊን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

አዎ። ለስላሳው ብሎክ በሁለት ቀን ይነበባል፣ አጥንቱ ሲደርስ ይደርሳል። በብልቃጡ ላይ በእርሳስ ጻፍ፣ በቢሮ እስክሪብቶ የጻፍከውን አልኮሉ ያጥበዋል። ከማዘዣው ጋር ራጁ ይያዝ፤ ያልበቀለው ጥርስ የትኛው እንደሆነና ሲስቱ አንገቱን ወይስ ሥሩን እንደያዘ ሳይታይ ዓምዳዊ_ሴል ምንም አይነግርህም።

ዓምዳዊ_ሴል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡26

እውነቱን ነው፣ አልነግርም።